አሥራ አንድ ጀላያና የካሳነሽ ቋጠሮ

ዓብዱሰላምን አልወደድኩትም። ስለ ካሳነሽ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል፤ ኋላ ላይ አድልቷል እንዳይለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በአገራችን ወግ አንቱ ልለው ይገባ ነበር። ሃያ ዓመት በሩን ጠብቄለታለሁ፣ ጽጌረዳውን ኮትኩቼለታለሁ፣ በፊቱም ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። በጽሑፍ ግን አንቱ አልለውም።

ቤቱ ዳቡቅ ነው፤ ከአማን በስተምዕራብ፣ ታክሲ ካልተጠራ በቀር የማያልፍበት የቪላ ሰፈር። ዓብዱሰላም ኩዌት ውስጥ በመሐንዲስነት ሲሠራ ኖሮ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲነሣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ገባ፤ እኔንም ይዞኝ መጣ። ጡረታ ከወጣ በኋላ አሮጌ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን መሰብሰብ ጀመረ። የአገሩ ሰዎች ጀላያ ይሉታል፤ እኛም እንደ እነሱ ጀላያ ነበር የምንለው። ሌላው የሰፈሩ ጡረተኛ ወይራ ሲኮተኩት፣ እሱ በየሳምንቱ ዓብደሊ የዓርብ ገበያ ይወርዳል፤ ኤምባሲዎች ዕቃቸውን በሐራጅ ሲሸጡ ይሻማል፤ ከዚያ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ጀላያ በፒክአፕ አስጭኖ ይመጣል። አንዷ እንደ በርሜል ክብ ሆና ክዳኗ ከላይ የሚከፈት፣ አንዷ በትንንሽ ጎማ የምትገፋ፣ አንዷ በሯ የመዳብ ቀለም ያለው። ምድር ቤት በረድፍ ያቆማቸዋል። ዝገታቸውን አስለቅቆ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሞተራቸውን አስነሥቶ ከፋብሪካ እንደ ወጡ ማድረግ ነበር ሐሳቡ።

ሚስቱ ጀሚላ ማሽኖቹን እንደ ጣውንት ትጠላቸው ነበር። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ጣሪያ ላይ ያሉት ታንከሮች ካልሞሉ ሳምንቱን ሙሉ በባልዲ መለመን ነው። አንድ አሮጌ ጀላያ ለሙከራ ሲነሣ የሚደፋው ውሃ ቤቱን በሙሉ ያጥባል። ስለዚህ ጀሚላ ከምድር ቤት ወደ ላይ አንድም ማሽን እንዳይወጣ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥም አዲስም ሆነ አሮጌ ጀላያ እንዳይገባ ከለከለች። አሥራ አንድ ጀላያ ባለበት ቤት ሳህን የሚታጠበው በእጅ ነበር። የምታጥበው ካሳነሽ ናት።

ካሳነሽ የሞጆ ልጅ ናት። አባቷ ወፍጮ ቤት አለው። አስፈጪው ብዙ ነው፣ ጆንያው ደግሞ አንድ ዓይነት፤ ስለዚህ በዚያ ወፍጮ ቤት የጆንያ አፍ የሚታሰረው በየባለቤቱ ቋጠሮ ነበር። የአንዱ ድርብ ነው፣ የሌላው ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ የሌላው ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ። ካሳነሽ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ቋጠሮውን እያየች የማን ጤፍ፣ የማን ስንዴ እንደሆነ ትለይ ነበር። ሞተሩንም ከአባቷ ጋር እየፈታች ስትገጥም ነው ያደገችው። በፈረንጆቹ 2001፣ የግንቦት ልደታ ማግስት ዳቡቅ ስትደርስ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዓብዱሰላም ፓስፖርቷን እዚያው በር ላይ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ኮንትራቷ የሁለት ዓመት ነበር።

ምድር ቤት የወረደችው ከስድስት ወር በኋላ ነው። እኔ ማሽኑን ደግፌ ቆሜያለሁ። ዓብዱሰላም ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ከሞተር ጋር ይታገላል። ያኔም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰው ሲያይበት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

“መብራቱን ያዢ” አላት። “አፍሽን ደግሞ ዝጊ።”

“አፌ ተዘግቷል” አለችው በዐረብኛ። “የሚጮኸው ሞተሩ ነው።”

ቀና ብሎ አያት። “አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?”

“ደርቋል። ዘይት ሳይቀባ ከተነሣ ይነክሳል።”

“ሳህን አጣቢ መሐንዲስ ልታስተምር መጣች” አለ ወደ እኔ ዞሮ።

ሞተሩን አስነሣው። ነከሰ። ጢስ ምድር ቤቱን ሞላውና ጀሚላ ከላይ መጮህ ጀመረች። በማግስቱ ዓብዱሰላም ካሳነሽን አስጠርቶ ካቻቢቴውን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት የቤቱን ሥራ ትሠራለች፣ ከምሳ በኋላ ምድር ቤት ትወርዳለች። ማሽን አፈታቷን አይቻለሁ። ብሎን ከመንካቷ በፊት ማሽኑን ዞራ ታየዋለች። የውሃው ኖራ የደፈናቸውን ቀዳዳዎች በአቼቶ ትዘፈዝፋለች፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች። የምትፈታውን እያንዳንዱን ነገር፣ ብሎኑንም፣ ሞላውንም፣ ሮንዴላውንም፣ ከአሮጌ አንሶላ በቀደደችው ጨርቅ ታስረዋለች። ለእያንዳንዷ ማሽን አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ ለእያንዳንዱ የማሽን ክፍል አንድ ዓይነት ቋጠሮ። ዓብዱሰላም ቁጥር የተጻፈባቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች ገዝቶ ነበር፤ ሽንኩርት አስቀመጠችባቸው።

አንድ ቀን ወረቀት እየጻፍኩ ልለጥፍላት ወረድኩ። ያን ጊዜ ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው የተማርኩት። ካሳነሽ የጻፍኩትን አይታ “ጋሼ፣ በጣም ያምራል” አለችኝ። “ግን እርስዎ አንዷን ፊደል ቀርጸው እስኪጨርሱ እኔ አሥር ቋጥሬ እነሣለሁ።” እውነቷን ነበር። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ዓብዱሰላም ዓርብ ዓርብ ጡረተኛ መሐንዲስ ጓደኞቹን ምድር ቤት ያወርዳቸዋል። ቋጠሮዎቹ በረድፍ ተደርድረው ሲያዩ ይስቃሉ። “ይህ የሐበሻ ኮምፒዩተር ነው” ይላቸዋል። ማሽኖቹን ግን “እኔ አነሣኋት፣ እኔ ቀባኋት” እያለ ነው የሚያስጎበኛቸው። ካሳነሽ ሻይ ታቀርባለች።

ሁለት ዓመቷ ሲሞላ፣ በልደታ ማግስት፣ ፓስፖርቷን፣ በእነሱ አነጋገር ጀዋዟን፣ ልትጠይቅ ፊቱ ቆመች።

“ኮንትራቴ አልቋል። ጀዋዜን ስጠኝ።”

“አረንጓዴዋን ጀላያ ጨርሻትና።”

አረንጓዴዋን በሁለት ወር ጨረሰቻት። በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ እንደገና ቆመች።

“የመዳቧ ትነሣ” አላት።

የመዳቧ ተነሣች። ቀጥሎ ጎማ ያላት፣ ቀጥሎ ክቧ። ገበያ በሄደ ቁጥር ሌላ አሮጌ ይዞ ይመጣል። የመኖሪያ ፈቃዷን በየዓመቱ ሳያስታጉል ያሳድስላታል፤ እሷን ግን አይጠይቃትም። ያስመጣት መክተብ፣ የሠራተኛ አስመጪው ቢሮ፣ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሌላ ቢሮ ደውላ ነገሩን ስትነግራቸው “ከከፊልሽ ጋር ተስማሚ” ብለው ዘጉባት። ከፊል ማለት ያው ፓስፖርቷን የቆለፈው ሰው ነው።

“ጋሼ” አለችኝ አንድ ቀን ቆሻሻ ልትጥል በር ላይ ወጥታ፣ “በፈጠንኩ ቁጥር ነው የምቆየው።”

“እንግዲያው ቀስ በዪ።”

“ቀስ ማለት አልችልም። የተበላሸ ሞተር ሲታነቅ ሰምቼ መተኛት አይሆንልኝም።”

“እንደ ሌሎቹ ሠራተኞች ለምን አትጠፊም? ስዌፍየህ ሰፈር ውስጥ ክፍል ተከራይተው ስንት የአገራችን ልጆች ይኖራሉ።”

ቆሻሻውን ጥላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “እኔ በጓሮ አልወጣም። በገባሁበት በር ነው የምወጣው። እርስዎም ይከፍቱልኛል።”

በፈረንጆቹ 2008፣ ግንቦት ላይ፣ አባቷ ደወለ። ዓይኑ ደክሟል፤ ወፍጮውን የሚረከበው ልጅ ከሌለ ሰኔ ላይ ለነጋዴ ሊሸጠው ነው። ካሳነሽ ስልኩን ከዘጋች በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። “እመጣለሁ ብዬዋለሁ” አለችኝ። “እንዳይሸጠው ብዬዋለሁ።” በሰባት ዓመት ውስጥ ከዚያ ሌላ ሰው የለመነችውን ነገር አላውቅም።

በዚያው ወር ዓብዱሰላም ትልቅ ነገር ደገሰ። ከጀርመን አንድ የአሮጌ ማሽን ሰብሳቢ ሊጎበኘው ነው። ዓርብ ዕለት፣ ጓደኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ አሥራ አንዱም ጀላያዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ሊያሳየው አስቧል። የበሮቹ ጎማ ግን ጠንክሮ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አዲሱን ጎማ መሀል ከተማ አስቆርጦ አመጣ። ጎማውን ለመቀየርና ፓምፖቹን ለማጽዳት ካሳነሽ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ አሥራ አንዱንም ፈታቻቸው። ማክሰኞ ጧት ምድር ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ባዶ ቀፎና ጠረጴዛ የሞላ ቋጠሮ ነበር። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ከሦስት መቶ አያንስም።

ሰኞ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ያለፈ ነገር አለ፤ ካሳነሽ ራሷ ናት ያጫወተችኝ። ጀሚላ ምድር ቤቱ ሲንኳኳ ስትሰማ ውላ ተበሳጭታ መጣች።

“ለምን እነዚህን ቆርቆሮዎች እንደሚያመልክ ነግሮሻል?” አለቻት።

“አልነገረኝም።”

“አይነግርሽም። እኔም ካገባሁት ከአሥር ዓመት በኋላ ከወንድሙ ነው የሰማሁት። ተማሪ ሳለ ሐምቡርግ፣ ሆቴል ውስጥ፣ አራት ዓመት ሳህን አጥቧል። ከዚያ ማሽን አስገቡና አባረሩት። እሱን ያባረረችውን ማሽን ነው እስከ ዛሬ ቤቴ የሚሰበስብብኝ።”

ካሳነሽ ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። ያንን ግን እንደ ልማዷ ቋጠረችው።

ማክሰኞ ከሰዓት እኔ አዲሶቹን ጎማዎች ተሸክሜ ወረድኩ። ካሳነሽ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓብዱሰላም ከላይዋ ቆሟል።

“ምን ሆነሽ ነው? ሦስት ቀን ነው የቀረን።”

“ጀዋዜን አምጣ። እጄ ላይ ሲሆን የመጀመሪያውን ቋጠሮ እፈታለሁ። ሐሙስ ሁሉም ተገጥመው ይቆሙልሃል።”

“ዓርብ ካለፈ በኋላ እንነጋገራለን።”

“ዓርብ ካለፈ በኋላ ሌላ ታመጣለህ።”

“ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ የማን ቤት እንዳለሽ ረሳሽ?”

“አልረሳሁም። በየቀኑ አጥበዋለሁ።”

“እኔ መሐንዲስ ነኝ። እነዚህን ማሽኖች አንቺ ሳትወለጂ አውቃቸዋለሁ። የአንቺ ሥራ ብሎን መያዝ ነው፤ ሚስማርም ቢሆን ይይዘዋል።”

“እንግዲያው ሚስማር ይግጠምልህ።”

“ሳህን አጣቢ ሆነሽ ነው የመጣሽው፣ ሳህን አጣቢ ሆነሽ ትሄጃለሽ።”

ካሳነሽ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ ድምፅዋንም አልጨመረችም።

“አንተም አጥበሃል” አለችው። “ሐምቡርግ፣ አራት ዓመት። ልዩነታችን አንድ ነው። ሲበቃህ ጀዋዝህ ኪስህ ውስጥ ነበር።”

ጀሚላ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ዓብዱሰላም አያት። ከማን እንደተሰማ ገባው። ፊቱ ደም ለበሰ፤ እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት ረሳ። አንዱን ቋጠሮ አንሥቶ ለመፍታት ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ በጥርሱ ነክሶ ቀደደው። ሁለተኛውን ቀደደ። ከዚያ መቀሱን አነሣ። “ሣጥን ነው የሚያስፈልገው” ይላል ይቆርጣል፣ “እንደ ሰው፣ በቁጥር፣ በሥርዓት” ይላል ይቆርጣል። ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ሞላው፣ ሮንዴላው ጠረጴዛው ላይ እየተንኮሻኮሸ ይፈሳል፤ ጠርዙ ላይ የደረሰው ወለሉ ላይ ይበተናል። ልከለክለው አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ካሳነሽ በዓይኗ መለሰችኝ።

ሲጨርስ የአሥራ አንድ ማሽን አንጀት አንድ ክምር ሆኖ ነበር። ጨርቆቹ መሬት ላይ ተጥለዋል። ዓብዱሰላም ቆሞ አየው። የሠራውን ያን ጊዜ ያወቀ ይመስለኛል።

“አሁን ቁጥር ስጣቸው” አለችው ካሳነሽ። ሳህን ልታጥብ ወደ ላይ ወጣች።

ረቡዕን ሙሉ ምድር ቤት ዋለ። የሚመሳሰሉትን ለየ፣ ለካ፣ ጻፈ። አንዱን ብሎን ለማስገባት ሩብ ሰዓት ይታገላል፤ ሲገባለት የሌላ ማሽን ሆኖ ይገኛል። እኔን ጠርቶ ያዝልኝ አለኝ፤ ያዝኩለት። የትኛው የየትኛዋ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ባውቅም አልነግረውም። ካሳነሽ ከላይ ሳህን ስታስቀምጥ የሚሰማው ድምፅ በጣሪያው በኩል ይመጣል። በየጊዜው ቀና ይላል።

ሐሙስ ጧት ጀሚላ ፓስፖርቱንና የአውሮፕላን ቲኬት ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ባሏ የመሳቢያውን ቁልፍ የት እንደሚያኖር ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

“ዛሬ ማታ በረራ አለሽ” አለቻት።

ካሳነሽ እጇን አድርቃ ፓስፖርቱን ተቀበለች። ፎቶዋን አየች። “ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር” አለቻት።

“አውቅ ነበር። ያን ጊዜ ብትሄጂ ሌላ አስመጥቶ ያሠራት ነበር። ዛሬ ግን ያንን ክምር ሊለይለት የሚችል ሰው ዓለም ላይ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ስትወጪ ምድር ቤቴ ይመለስልኛል።” ከዚያ ማድጋ እንደሚያስረክብ ሰው ሳታወላውል “ሳህኑን ጨርሺና ሂጂ” አለቻት።

ካሳነሽ ሳህኑን ጨረሰች። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ዓብዱሰላም ከምድር ቤት ደረጃ ላይ ደረሰባት። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነበር። ጀሚላን አላያትም፤ እኔንም አላየኝም።

“ሁለት ቀን” አላት። “ለይልኝ፣ ከዚያ እኔው ራሴ ኤርፖርት አደርስሻለሁ።”

“ሰባት ዓመት ሁለት ቀን አልከኝ።”

“ጀዋዙ እጅሽ ላይ አይደለም ወይ? ምን ቀረብሽ?”

“የቀረብኝ የለም። ስለዚህ ነው የምሄደው።”

መዳፉን ከፈተ። ትንሽ ሞላ ይዟል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሞላውም ይንቀጠቀጣል። “ይህን ብቻ ንገሪኝ። የየትኛዋ ነው?”

አየችው። ማወቋን እኔ ከፊቷ አነበብኩት፤ እሱም አነበበው።

“መሐንዲሱ አንተ ነህ” አለችው።

በሩን ከፈትኩላት። በገባችበት ወጣች።

ታክሲ ውስጥ አብሬያት ገባሁ። ኻልዳ ሰፈርን አልፈን የኤርፖርቱን መንገድ ያዝን። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ወደ ፊት ስባ አንዲት ቋጠሮ ፈታች። ውስጧ የነሐስ ዳዶ ነበረች፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል።

“የክቧ ናት” አለች። “ክዳኗን የምትይዘው ይህች ናት። ያለ እሷ ክዳኑ አይገጥም፣ ክዳኑ ካልገጠመ ሞተሩ አይነሣም።”

“ረስተሽ ነው ይዘሽ የመጣሽው?”

“አይደለም፤ ሰኞ ዕለት ነው ለይቼ ያሰርኳት።”

መዳፌ ላይ አስቀመጠቻት። “አፍ አውጥቶ ከጠየቀዎት ይስጡት፣ ጋሼ። ካልጠየቀዎት እርስዎ ጋ ትቆይ።”

ዓርብ ጀርመናዊው መጣ። ዓብዱሰላም ቀፎዎቹን በነጭ አንሶላ ሸፍኖ ጠበቀው፤ ሰውየው አንዱን አንሶላ ገልጦ አየ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ጀሚላ አሥሩን በፒክአፕ አስጭና ለቆርቆሮ ገዢ ሰጠች። ክቧን ግን አልለቅም አላት። ቅርጿ ቀላል ስለነበረ ብዙውን ክፍሏን በመከራ ገጠመው፤ የቀረችው ዳዶዋ ነበረች። ለዓመት ያህል የዓብደሊን ገበያ፣ የከተማውን ቶርኖ ቤቶች ሁሉ ዞረ፤ የሚያስቀርጸው ሁሉ ጥርሱ አልገጥም እያለ ይመለሳል። ጓደኞቹን ጠየቀ፣ ቆርቆሮ ገዢውን ጠየቀ፣ ለጀርመናዊው ጻፈ።

ካሳነሽ ከሰኔ በፊት ሞጆ ደርሳለች። አባቷ ወፍጮውን አስረከባት፤ አንድ ጊዜ ደውላ ሞተሩ ከፈራችው የተሻለ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለ ዳዶዋ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በሩን ጠበቅሁለት። በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ በአጠገቤ ያልፋል፤ አንዳንድ ቀን በመዳፉ የማይሆን ዳዶ ይዞ፣ እያገላበጠ እያየው ያልፋል። ዳዶዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አሁን የምጽፍበት ወረቀት በነፋስ እንዳይነሣ ላዩ ላይ አስቀምጫታለሁ። አንድም ቀን ቆም ብሎ አልጠየቀኝም። በር ጠባቂ ምን ያውቃል ብሎ ነው።